ለደንበኞቻችን፦ የጤና መድን መታወቂያችሁን አድሱ

ይድረስ ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤

እንደምን ከረማችሁ? ባለፈው የገበያ ቀን አንዲት እናት ከመድኃኒት ቤታችን መስኮት ፊት ቆመው የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና የቋጠሩትን ብር ቆጠሩ። የታዘዘላቸው የደም ግፊት መድኃኒት የ30 ቀን ነበር። «ልጄ፣ የ10 ቀኑን ስጠኝ፤ የቀረውን ዶሮ ስሸጥ እወስዳለሁ» አሉ። ሰጠናቸው። የደም ግፊት ግን ዶሮ እስኪሸጥ አይጠብቅም፤ ይህን ደብዳቤ ያጻፈንም እርሱ ነው።

አብዛኛው መድኃኒት ከውጭ የሚገባ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ መተመን ከጀመረ ወዲህ እኛም የምንረከብበት ዋጋ ወጥቷል። ስለዚህ ዋጋ እንቀንሳለን ብለን ቃል አንገባም። የምንለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ በየወሩ መድኃኒት የሚወስድ አዛውንት ያለበት ቤት ሁሉ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን፣ ማለትም ቤተሰብ በየዓመቱ መዋጮ ከፍሎ ሲታመም የሚታከምበት ቋት፣ አባል ይሁን፤ አባል የሆነም መታወቂያውን ያድስ። አባል የሆነ መድኃኒቱን ከጤና ጣቢያ ስለሚወስድ የእኛ ሽያጭ ቢቀንስም ይቀንስ።

መድኑ ለደቡብ አቸፈር እንግዳ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በአገሪቱ ለሙከራ ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ የእኛው ነበር። ሆኖም ዛሬም «አምና ከፍዬ አልታመምሁም፤ ገንዘቤ ባከነ» የሚል እንሰማለን። ለእድር ስንከፍል እንዲህ እንላለን? ሰው ሞቶ ልቅሶ ከተጀመረ በኋላ ለእድር ልመዝገብ የሚልስ ማን ነው? ቢመጣም ዳኛው አይቀበለውም። የመድኑ መዋጮ በነፍስ ወከፍ ሳይሆን በቤተሰብ የሆነውም ለዚህ ነው፤ የታመመው ብቻ ገብቶ ጤነኛው ቢቀር ቋቱ ክረምት ሳይወጣ ይደርቃል። ጎልማሳው ዛሬ ለጎረቤቱ አባት ይከፍላል፤ እርሱ ሲያረጅ የጎረቤቱ ልጅ ይከፍልለታል።

ገደቡንም እወቁት። መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ አይሸፍንም። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በሪፈር ወረቀት ሆስፒታል ነው። መድኃኒቱ እዚያ ጠፍቶ ወደ እኛ ከመጣችሁ ደረሰኛችሁን አትጣሉ፤ ተመላሽ ይደረግ እንደሆነ የወረዳውን መድን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

ልጆቻችሁ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ካሉ፣ ለበዓል ከሚልኩላችሁ ላይ መዋጮው ይቅደም በሏቸው። መታወቂያው ጊዜው ማለፉን የተጠራጠራችሁ ደግሞ ይዛችሁት ኑ፤ ቀኑን አንብበን እንነግራችኋለን።

መድኃኒት ቤታችሁ፣ ዱርቤቴ