የቋንቋ ክበብ፦ የ«ምጣ» ክርክር

ክበባችን በዚህ ዓመት ስለ አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ኖኣም ቾምስኪ እንደሚያጠና በተሰማ ጊዜ፣ «ለጎንደር ልጅ ምን ይጠቅመዋል?» ያሉኝ ባልደረቦች ነበሩ። ሰውየው የመጀመሪያ ጽሑፋቸውን ያወጡት በ10 ዓመታቸው፣ በትምህርት ቤታቸው ጋዜጣ ላይ ነው፤ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ስለ ባርሴሎና ከተማ መውደቅ። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ለዚህ መጽሔት ለመጻፍ እጃቸውን አወጡ። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናታቸውም የአማርኛችን ዘመድ በሆነው በዕብራይስጥ ላይ ነበር።

ሳምንታዊ ስብሰባችን እንደወትሮው ሐሙስ ሐሙስ ተካሂዷል። እኔን የነካኝ ግን መዋዕለ ሕፃናት የሄድንበት ቀን ነው። ልጅ የሰማውን ብቻ አይደግምም፤ ቋንቋን የመገንባት ችሎታ ይዞ ይወለዳል የሚለውን የቾምስኪን ሐሳብ በጆሯችን ልንፈትን ደብተር ይዘን ጥድ ሥር ተቀመጥን። አራት ዓመት የሚሆነው ልጅ የጫማው ክር ተፈትቶበት ጓደኛውን «ምጣ! ቶሎ ምጣ!» እያለ ተጣራ። ሁሉም ሳቁ። ዓመቱን ሙሉ አንገቷን ደፍታ የከረመች አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ግን «በላ፣ ብላ፤ ሰማ፣ ስማ፤ መጣ፣ ምጣ» እያለች ስትጽፍ አየኋት።

«ጋሼ፣ ልጁ ሕጉን ጠብቋል። ከሕጉ የወጣው የእኛ "ና" ነው» አለችኝ።

አንዱ ጓደኛዋ «"አትምጣ" ሲባል ሰምቶ ቆርጦት ነው» ብሎ ተነሣባት። ቾምስኪን የሚሞግቱ ምሁራንም ልጅ ከሚሰማው ይማራል ነው የሚሉት! ክርክሩ በፋሲል ግቢ አጥር ሥር አልፎ እስከ ፒያሳ ዘለቀ። ያቺ ልጅ ያን ያህል ስትናገር ሰምቻት አላውቅም ነበር።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ወደ ቾምስኪ የፖለቲካ ሐሳብ ተሻገርን። በቬትናም ጦርነት ዘመን፣ በ1967 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ምሁር እውነቱን የመናገርና ውሸትን የማጋለጥ ኃላፊነት አለበት ብለው ጽፈዋል። በዚህ ላይ ያዘጋጀነው ክርክር መብራት ጠፍቶ ሁለት ጊዜ ተላለፈ፤ በመጨረሻም ሳይካሄድ ቀረ። ጽሑፉን ያነበብነው በአንድ ቅጂ፣ እየተቀባበልን ነው። ለኳስ ቡድናችን ማልያ መገዛቱ ደስ ይለኛል፤ ለቋንቋ ክበብ ግን አንድ እሽግ ወረቀት እንኳ አልተገዛም።

ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ያቀረብነው ጥያቄ ወረቀት፣ ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥንና አንድ የድምፅ መቅረጫ ነው። መቅረጫው ከተገኘ በጥቅምት ወደዚያው መዋዕለ ሕፃናት እንመለሳለን፤ «ምጪ» የምትል ልጅ ትኖር እንደሆነ ማወቅ የሚፈልጉ ተማሪዎች ከወዲሁ ተመዝግበዋል።