በተኑን ሰርቨሩ ሲሰራልን ኔትወርኩን አትርሱት

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው የቴክኖሎጂ ገጻችሁ ላይ ጃቫስክሪፕት ሳይነኩ፣ ሰርቨር ላይ ብቻ ኮድ እየጻፉ የሚንቀሳቀስ ዌብ ገጽ ስለመስራት የወጣውን ጽሁፍ አነበብኩት፣ አሪፍ ነው ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገራችሁን።

ሀሳቡ መቼም ያጓጓል። ሰርቨሩ ላይ አንድ የበተን (ገጹ ላይ የሚነካ ቁልፍ) ኦብጀክት ትፈጥራለህ፣ ሲነካ የሚጠራውን ፈንክሽን ታያይዝለታለህ፣ የቀረውን ኤችቲኤምኤልም በለው ጃቫስክሪፕት ፍሬምወርኩ (ኮድህን የምትገነባበት ዝግጁ ማዕቀፍ) ራሱ ያመርተዋል። ጽሁፉ ግን ነገሩን ትናንት የመጣ አስመሰለው እንጂ ማይክሮሶፍት በዚሁ ሀሳብ የሚሰራውን ዌብ ፎርምስን ያወጣው እኮ በ2002 እ.ኤ.አ. ነው፣ ተመሳሳዩ የጃቫ ፍሬምወርክ ጄኤስኤፍም በ2004 ደርሷል። በዌብ ፎርምስ የሰራ ሰው ቪውስቴት ሲባል ፊቱ ይቀየራል። ብራውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ኤችቲቲፒ ያለፈውን ጥያቄ አያስታውስም፣ ስለዚህ ፍሬምወርኩ ኦብጀክቶቹ የነበሩበትን ሁኔታ ገጹ ውስጥ በተደበቀ ፊልድ ጠቅልሎ ይልከዋል (ቪውስቴት የሚባለው ይሄ ነው)፣ አንዷን በተን ስትነካ ያ ሁሉ ጭነት ተመልሶ ወደ ሰርቨር ይሄዳል። ትልቅ ቴብል ያለበትን ገጽ ሶርስ ከፍታችሁ ብታዩ ስክሪኑን የሞላ የፊደልና የቁጥር ዝብርቅርቅ ነው የሚጠብቃችሁ።

የአሁኖቹ ተሽለዋል፣ አልክድም። ፊኒክስ ላይቭቪውና ብሌዘር ሰርቨር የሚባሉት ፍሬምወርኮች ሁኔታውን ሰርቨሩ ሜሞሪ ላይ ይይዙና በዌብሶኬት፣ ማለትም ክፍት ሆኖ በሚቆይ ኮኔክሽን፣ የተቀየረችዋን ብቻ ይልካሉ። ግን ይሄም ዋጋ አለው፣ የተከፈተ ታብ ሁሉ ሰርቨሩ ላይ ሜሞሪ ይበላል፣ ኮኔክሽኑ ሲቋረጥ ደግሞ ገጹ ፊትህ ተዘርግቶ እያለ በተኑ አይሰራም። በፓይተን ዌብ ገጽ የሚሰራበትን ስትሪምሊትን ውሰዱ፣ ተጠቃሚው ስላይደር ባንቀሳቀሰ ቁጥር የፓይተኑ ስክሪፕት በመደበኛው አሰራር ከላይ እስከ ታች እንደ አዲስ ነው የሚሮጠው፣ ለዳታ ማሳያ በጣም ምቹ ነው (እኔም እወደዋለሁ) ግን ዳታው የሚጫንበትን ቦታ ካሽ ካላደረግከው (ውጤቱን ለቀጣዩ ካላስቀመጥከው) ስላይደሯን በነካህ ቁጥር ፋይሉ እንደገና እየተነበበ ቁጭ ብለህ መጠበቅ ነው።

ስለዚህ የኔ አቋም፣ ሜኑ መክፈትና መዝጋት፣ ፓስወርድ ማሳየትና መደበቅ፣ የተጻፈ ፊደል መቁጠር፣ እነዚህ ምን ሊሰሩ ሰርቨር ድረስ ይሄዳሉ? እዛው ብራውዘሩ ላይ ይጨረሱ። የሚታጠፍና የሚዘረጋ ጽሁፍ እንኳ በኤችቲኤምኤሉ ዲቴይልስ ታግ ያለ አንዲት መስመር ጃቫስክሪፕት ይሰራል። ዳታቤዝ የሚነካው፣ ፈቃድ የሚጠይቀው፣ ሂሳብ ያለበት ነገር ግን ሰርቨሩ ላይ ይሁን፣ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን።

ደግሞ አንድ ነገር ጭራሽ አልተነሳም። ኮዱ ሰርቨር ላይ ስለሆነ ሴኪዩሪቲው አለቀ የሚል ስሜት ነው የሰጠኝ ጽሁፉ፣ አላለቀም! የ"ሰርዝ" በተንን ለማይፈቀድለት ሰው አለማሳየት መከልከል አይደለም፣ ላይቭቪው ላይ ለምሳሌ ተጠቃሚው በተኑ ባይታየውም ኢቨንቱን (በተኑ ሲነካ የሚላከውን መልእክት) በራሱ መንገድ ሊልከው ይችላል፣ ስለዚህ ፈቃዱ የሚጣራው ፈንክሽኑ ውስጥ ነው መሆን ያለበት። የሚመረተውንም ኤችቲኤምኤል እዩት፣ በተን መስሎ የተቀባ ዲቭ (ተራ የኤችቲኤምኤል ሳጥን) ከሆነ በኪቦርድ ብቻ የሚጠቀም ሰው ታብ ቢነካ ቢነካ አይደርስበትም።

ቀጣይ ክፍል ካላችሁ ዴሞውን ሰርቨሩም ብራውዘሩም አንድ ላፕቶፕ ላይ ሆነው አታሳዩን፣ እንደሱማ ሁሉም ይፈጥናል። ላይቭቪው ራሱ መዘግየትን የሚያስመስል ነገር አለው፣ እሱን አብርታችሁ ፎርም ሙሉበትና የሚሆነውን ጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
ዌብ ሰርቶ የሚኖር አንባቢያችሁ