«ስም የለበትም» ላላችሁት ዘገባ

ለአዘጋጁ፣

ስለ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የትምህርት መረጃ ጥበቃ ያወጣችሁትን ዘገባ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ሌላ ሌላውን ልተወው። «ውጤት የሚለጠፈው በመታወቂያ ቁጥር እንጂ በስም ስላልሆነ የተማሪው ምስጢር የተጠበቀ ነው» የምትለዋ ግን አላስቀመጠችኝም። ማን ነገራችሁ? የሬጅስትራር ኃላፊ፣ መምህርና ወላጅ አነጋግራችኋል። ውጤቱ የሚለጠፍበትን ተማሪ መጠየቅ ምነው ከበዳችሁ?

ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በስም ፊደል ተራ ነው፤ ዝርዝሩም በዚያው ተራ ይለጠፋል። የአቴንዳንስ ወረቀቱ ስምና አይዲ ጎን ለጎን ይዞ ክፍሉን ሙሉ ይዞራል። የቡድን ሥራ ሽፋን ላይም ሁላችንም ከነቁጥራችን እንሰፍራለን። ታዲያ የተሰወረው ከማን ነው? ምናልባት ከግቢው ጥበቃ።

እኔ ኤፍ ያገኘሁ ጊዜ ሰሌዳውን ለማየት እንኳ አልደረስኩም። አንዱ የሴክሽናችን ልጅ ዝርዝሩን በስልኩ አንስቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቆት ኖሮ፣ «አይዞሽ» በ«አይዞሽ» ሆንኩ። አንዷማ ደግነቷ በዝቶ እናቴ ጋ ደውላ አጽናንታልኛለች! መምህሩ ጋ ሄጄ አቤት ስል «ስምሽ የታለ?» አለኝ። ዘጋቢያችሁ ያነጋገረው እሱን ሳይሆን አይቀርም።

በአድናቆት የጠቀሳችሁት የአሜሪካው ፌርፓ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የተማሪዎች የትምህርት መረጃ ጥበቃ ሕግ፣ ራሱ አይደግፋችሁም። በዚያ ሕግ ያለ ተማሪው የጽሑፍ ፈቃድ ውጤትን በመታወቂያ ቁጥር መለጠፍ አይቻልም። መምህሩና ተማሪው ብቻ በሚያውቁት ኮድ ከሆነ ይቻላል፤ ያውም በፊደል ተራ ካልተደረደረ። ደግሞም ልጁ ዩኒቨርሲቲ ከገባ፣ 18 ዓመት ባይሞላው እንኳ፣ በመረጃው ላይ ያለው መብት ከወላጅ ወደ ራሱ ይዞራል። በግብር ሰነድ የወላጁ ጥገኛ ከሆነ ዩኒቨርሲቲው ለወላጅ ማሳየት ይፈቀድለታል፤ አይገደድም። እናንተ ግን የአባትየውን «ከፋዩ እኔ ነኝ» እንደ ሕግ አንቀጽ አስቀምጣችሁ አለፋችሁ።

እያንዳንዱ ተማሪ በራሱ የይለፍ ቃል ገብቶ ውጤቱን ቢያይ፣ ወረቀት ከመለጠፍ የበለጠ አያደክምም። ለጊዜው ግን ያቺን ዓረፍተ ነገር አርሟት። ከዘገባው አናት ላይ ያወጣችሁትን የሰሌዳ ፎቶም አንሱልን፤ ቁጥሮቹ ከነግሬዳቸው ቁልጭ ብለው ይነበባሉ።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ