ሳልመልስልሽ የከረምኩት ጥያቄ

ሐምሩን፣ ማልታ

ውድ እህቴ ዘነበች፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? «ባህሬን ይሻላል ወይስ ማልታ? እኔም ልምጣ?» ብለሽ ከጻፍሽልኝ ሁለት ዓመት አለፈው። ይቅርታሽን እለምናለሁ፤ ስድቡንም እንደማይቀርልኝ ስለማውቅ አስቀድሜ ተቀብዬዋለሁ። ዝም ያልኩት ጊዜ አጥቼ ሳይሆን፣ እውነቱን ብጽፍልሽ «ለዚህ ነው እንዴ ባህሬን ጥለሽኝ የሄድሽው?» እንዳትዪኝ ፈርቼ ነው።

እኔ የምሠራው አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው። በ2025 የወጣው ዝቅተኛ ደመወዝ በሳምንት 221.78 ዩሮ ሲሆን፣ የእኔም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ወደ ዲናር ስትመነዝሪው ዓይንሽ እንደሚበራ አውቃለሁ። ነገር ግን የማኅበራዊ ዋስትናው ተቆርጦ፣ ከሁለት ሴቶች ጋር ለምጋራው ክፍል 350 ዩሮ ከፍዬ፣ አስቤዛ ገዝቼ ሳበቃ ለልጄ የምልከው፣ ግብርም ኪራይም በማናውቅበት በማዳም ቤት ሳለሁ ከምልከው እምብዛም አይበልጥም፤ አንዳንድ ወርማ ያንሳል። ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም፤ አንቺም እንዳትነግሪብኝ።

ታዲያ ለምን አልተመለስሽም ትዪኝ ይሆናል። ስድስት ዓመት ባህሬን ደሴት ላይ አብረን ስንኖር ባሕሩን ስንት ጊዜ አየነው? የማዳም ልጆች መዋኘት ሲያምራቸው ብቻ አልነበረም? ማልታ 316 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነች የባህሬንን እኩሌታ እንኳን አትሞላም፤ ያቺን ትልቋን ግን እኔ የማውቃት በመስኮት ነው። እዚህ ከ2022 ጀምሮ ካርድ ላለው ነዋሪ አውቶቡስ በነጻ ስለሆነ፣ በዕረፍቴ ቀን ማንንም ሳላስፈቅድ ወደ ፈለግሁበት እሄዳለሁ። ባለፈው ክረምት ሳንባዬን ባመመኝ ጊዜም ዋስትናውን ስለምከፍል በመንግሥት ሆስፒታል ያለ ክፍያ ታክሜያለሁ። ጥርስሽ አብጦ ሳምንት ሙሉ በፓናዶል ያደርሽበት ጊዜ ትዝ አለኝና አለቀስኩ፤ ያኔ ጉንጭሽን አይቼ መሳቄንም አልረሳሁም።

ቋንቋቸው ማልትኛ ደግሞ ዐረብኛ ስለሚመስል ያስገርምሻል። የማስታምማቸው አሮጊት በመጀመሪያው ቀን ግንባራቸውን ይዘው «ራሲ» ሲሉ፣ ማንም ሳያስረዳኝ ራሳቸውን እንዳመማቸው ገባኝ፤ ደምን «ደም» ነው የሚሉት፣ አምስትን «ሐምሳ»። ከማዳም ወጥ ቤት የቀሰምነው ዐረብኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሴ ጠቀመኝ።

አሁን እንቅልፍ የነሣኝን ልንገርሽ። ፓስፖርቴ ከትራሴ ሥር ነው፤ እንደ ባህሬኑ «ከፊል» የሚባል ዋስ አሠሪም የለብኝም። ሆኖም የሥራና የመኖሪያ ፈቃዴ የተሰጠኝ በአሠሪዬ ስም በመሆኑ፣ ሥራው ከቀረ ፈቃዱም አብሮ ይናወጣል። የእኔ ፈቃድ በኅዳር ያበቃል፤ ስለ እድሳቱ ሦስት ጊዜ ጠይቄ ሦስቱንም ጊዜ «እናያለን» ተባልኩ። «እናያለን» ምን ማለት እንደሆነ አንቺና እኔ ከማንም በላይ እናውቃለን። ከአንዱ ስም ወጥቼ ወደ ሌላው ስም ገባሁ እንጂ በራሴ ስም አልኖርኩም እያልኩ ሌሊቱን አነጋዋለሁ፤ ሲነጋ ደግሞ በሩን ራሴ ከፍቼ ስወጣ ሐሳቤን እለውጣለሁ።

እንግዲህ ነይ ልበልሽ ወይስ ቆዪ? እስከ ኅዳር ታገሺኝ። እስከዚያ ደላላ ቢመጣብሽ ሳትነግሪኝ አንዲት ፍልስ እንዳትሰጪው። ፈቃዱ ካልታደሰልኝ ግን፣ ማዳምሽ ሠራተኛ ትፈልግ እንደሆነ ቀስ ብለሽ ጠይቂልኝ። ቀልዴን ነው። ቀልዴን ይመስለኛል።

እህትሽ