ለረንሪጎች፦ ከልብ እናመሰግናለን

የተከበራችሁ የስኮትላንዱ የሙዚቃ ባንድ የረንሪግ አባላት፣

ባለፈው ቅዳሜ፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 18 ቀን 2018፣ ከስተርሊንግ ግንብ ሥር የመሰናበቻ ኮንሰርታችሁን ካየሁ ወዲህ ድምፄ እንደተዘጋ ነው። ስለዚህ በጽሑፍ ላመስግን። በአማርኛ የምጽፈው የአገሬ ልጆችም እንዲያውቋችሁ ብዬ ነው።

በቅድሚያ ወንድማማቾቹ ሮሪና ካለም ማክዶናልድ። በፈረንጆቹ 1973 ከብሌር ዳግላስ ጋር ስካይ ደሴት ላይ ስትጀምሩ ሰው የምታስጨፍሩ የዳንስ ባንድ ነበራችሁ። በ1978 ግን የመጀመሪያ አልበማችሁን ሙሉ በሙሉ በጌሊክ፣ በነባሩ የስኮትላንድ ቋንቋ፣ አወጣችሁት። ተናጋሪው እየተመናመነ ባለ ቋንቋ ዘፍኖ ገበያ መውጣት ድፍረት ይጠይቃል። በ1995 አንዱ የጌሊክ ዘፈናችሁ በብሪታንያ ሰንጠረዥ 18ኛ ሆነ። የቢራ ማስታወቂያ ነው የረዳው ይባላል። ይርዳዋ! ምን ችግር አለው?

ድምፃዊያችሁ ዶኒ መንሮ በ1997 ወደ ፖለቲካው ሲሄድ ብዙ ሰው ከፍቶት ነበር። ምርጫውም አልቀናውም። ብሩስ ገስሮ ወንድሜ፣ ከካናዳ መጥተህ ሕዝብ የለመደውን ድምፅ መተካት ቀላል አልነበረም። አንተ ግን ዶኒን ልምሰል አላልክም። ጌሊኩን በአብዛኛው ለሮሪ ትተህ በራስህ ድምፅ ዘፈንክ። ለዚህ በተለይ አመሰግንሃለሁ።

የሎረል ክላርክን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ጠፈርተኛዋ አድናቂያችሁ ነበረች። በ2003 ሲዲያችሁን ይዛ በኮሎምቢያ መንኮራኩር ወጣች። መንኮራኩሯ ስትመለስ ሰማይ ላይ ተበታተነች፤ ሰባቱም አለቁ። ሲዲው ግን ከስብርባሪው መሃል ተገኘ፤ ቤተሰቦቿም አምጥተው ለእናንተ ሰጡ። እናንተም በ2016 የመጨረሻውን አልበማችሁን የዘጋችሁት ለእሷ መታሰቢያ በሆነ ዘፈን ነው። ውለታ አትረሱም።

ቅዳሜ ማታ «ሎክ ሎሞንድ» ሲጀመር አጠገቤ የቆሙ ኪልት (የስኮትላንድ ወንዶች ባህላዊ ጉርድ) የለበሱ አዛውንት ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ። ዘፈኑ እስኪያልቅ አልለቀቁኝም፤ እየዘለሉ ያዘልሉኛል። አባቴ፣ እርስዎም ይመስገኑ፤ ጉልበትዎ ግን የጉድ ነው!

ማልኮም ጆንስ፣ ጊታሩም፣ በከረጢት የሚነፋው ባግፓይፑም ላይ ያለህበት፣ እጅህ ይባረክ። ከመድረክ ጀርባ የለፋችሁ የድምፅና የመብራት ሠራተኞች፣ ያን ሁሉ ሰው በሥነ ሥርዓት ያስተናገዳችሁ አስተባባሪዎች፣ እግዜር ይስጥልን። ለሁላችሁም ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

አድናቂያችሁ፣ ከግላስጎው