የጂኦግራፊ ክበብ የ2016 ዓ.ም. ዘገባ፦ የስዊድን ብርድ

ዘንድሮ ስዊድንን የመረጥነው መረጃው በነፃ ስለሚገኝ ነው። የአገሪቱ የሜትሮሎጂና ሃይድሮሎጂ ተቋም የየጣቢያውን ንባብ ለማንም ይለቅቃል። በዚያ ላይ የአንዷ አባላችን አክስት ኡሜዮ ከተማ ስለሚኖሩ የመስኮታቸውን ቴርሞሜትር ፎቶ ይልኩልን ነበር። መኪናቸው ማታ ማታ እንደ ስልክ በገመድ ተሰክቶ ሞተሩ ሲሞቅ የሚያሳየውን ፎቶ ግን ልጆቹ ከሁሉም አብልጠው ወደዱት።

የመጀመሪያው ስብሰባ «ክረምት» በሚለው ቃል ክርክር አለቀ። እኛ ክረምት ስንል ዝናብ ነው የሚታየን፤ የእነሱ ብርድ የሚብሰው ደግሞ በእኛ በጋ ነው። ተቋሙ ክረምት ገባ የሚለው የቀኑ አማካይ ሙቀት 5 ቀን በተከታታይ ከ0 ዲግሪ ሳያልፍ ሲቀር ነው። በዚህ መስፈሪያ ደቡቡ ጫፍ አንዳንድ ዓመት ክረምት ሳይገባበት ያልፋል።

ታህሳስ 24 (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 ቀን 2024)፣ ለገና አራት ቀን ሲቀረው፣ ክቪክዮክ-ኦረንያርካ የተባለው የሰሜን ጣቢያ ከዜሮ በታች 43.6 ዲግሪ መዘገበ። ሜርኩሪ 39 ገደማ ላይ ስለሚጠጥር የላቦራቶሪያችን ቴርሞሜትር እዚያ ቢሰቀል ዋጋ የለውም፤ የአልኮሉ ነው የሚያዋጣው። አንዷ ተማሪ ሰሌዳው ላይ «143.6» ብላ ጻፈች። ሁሉም ሳቀባት፤ ልክ ነበረች። የኡፕሳላው አንደርስ ሴልሺየስ እ.ኤ.አ. በ1742 መለኪያውን ሲያወጣ ውሃ የሚፈላበትን 0፣ የሚረጋበትን 100 ብሎት ነበር። የተገለበጠው በኋላ ነው።

በዚያው ቀን መንገደኛ የተቸገረው ግን በደቡብ ነበር። በስኮነ ኢ22 አውራ ጎዳና ላይ በረዶ ከነፋስ ጋር ወርዶ ከ1,000 በላይ ተሽከርካሪ ቆመ፤ አንዳንዱ ሰው ከ24 ሰዓት በላይ መኪናው ውስጥ ቆየ። አብዛኞቹ ልጆች ዜናው ከሰሜን ይመጣል ብለው ነበር፤ እኔም ጭምር።

የሰሜኑን ብርድ ያስረዳን ደብረ ብርሃን ያደገ ልጅ ነው። ሰማዩ ሲጠራ፣ ነፋስ ሲጠፋ፣ መሬት ሙቀቷን ወደ ላይ ትለቃለች፤ የቀዘቀዘው አየር ከብዶ ረባዳው ላይ ይተኛል። «የእኛ ውርጭም ሜዳውን ነው የሚያቃጥለው፤ ተረተሩን እምብዛም አይነካም» አለ። እዚያ ስዊድን ሰሜን ደግሞ በዚያ ወቅት ፀሐይ እምብዛም የለችም፣ በረዶውም ከመሬት የሚመጣውን ሙቀት ያግዳል። ለእንዲህ ያለ ሸለቆ መተንበይ ለባለሙያውም ከባድ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሰፋ አድርጎ ስለሚያይ ጉድጓዱን ይስታል።

ጥር ላይ ራሳችን ሞከርነው። አንድ ቴርሞሜትር ኳስ ሜዳው ግርጌ፣ ሌላ ሁለተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ አድርገን ከንጋቱ 12 ሰዓት አነበብን፤ ሜዳው በ2 ዲግሪ በለጠ፣ በብርድ ማለቴ ነው። የሌሊቱ ዘበኛችን ዳር ቆመው ሲያዩን ቆዩና፣ «ልጆቼ፣ እኔን ብትጠይቁኝ ምን ነበረበት? ከመንፈቀ ሌሊት በኋላ ጋቢዬን ይዤ ደረጃው ላይ የምወጣው ለምን መሰላችሁ?» አሉን።