ባርነትን ሴቶቹን ትቶ ማስተማር አይቻልም፦ ለካውንቲያችን የትምህርት ቦርድ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የትምህርት ቦርድ አባላት፣

የምትልኩልን ወረቀት ሁሉ በአማርኛም ስለሚመጣ ቢሮአችሁ አስተርጓሚ እንደማያጣ አውቃለሁ። ስለዚህ በአማርኛ ጻፍኩላችሁ። ደግሞም ልጆቻችን ክፍል ውስጥ ስለሚያነቡት መጽሐፍ የላካችሁልን የፈቃድ ቅጽ ደርሶት “ምን ብዬ ልፈርም?” እያለ የሚያመነታ ሀበሻ ወላጅ ሁሉ ቢያነበው ደስ ይለኛል።

ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ከሚያነቧቸው መጻሕፍት አንዱ በፕላንቴሽን፣ ማለትም በባሪያ ጉልበት በሚታረስ ሰፊ እርሻ፣ በባርነት ስለኖረች ሴት የተጻፈ ታሪካዊ ልቦለድ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ጉዳዬ ከአንድ መጽሐፍ ጋር አይደለም። ቅጹ ስለ መጽሐፉ የሚለው አንድ መስመር ብቻ ነው። “ግልጽ ወሲባዊ ይዘት አለው” ይላል። ከሥሩ ሁለት ሳጥን አለ። አንዱ ታንብብ፣ ሌላው ሌላ መጽሐፍ ይሰጣት። በቃ፣ ይኸው ነው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ያገኘኋቸው እናቶች አብዛኞቹ ሁለተኛው ሳጥን ላይ ምልክት አድርገው መልሰዋል። አልፈርድባቸውም። ያንን መስመር ብቻ ያየ ወላጅ “ስድ መጽሐፍ መጣብኝ” ብሎ ቢደነግጥ ምን ይገርማል? እኔ ግን መጽሐፉን አንብቤዋለሁ። ቅጹ “ወሲባዊ” ያለው ነገር መደፈር ነው። መደፈሩ ደግሞ በዚህችው በቨርጂኒያ የማያስጠይቅ፣ ትርፉም በሕግ የተደነገገ ነበር። ይህን ከስድነት ለይቶ የማይናገር ቅጽ ወላጅን አሳውቋል ለማለት ይቸግረኛል።

ሕጉን ላስታውሳችሁ፤ የዚሁ አገር ታሪክ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1643 የቨርጂኒያ ሕግ አውጪ ጉባኤ ግብር የሚከፈልባቸውን ሠራተኞች ሲወስን አፍሪካውያን ሴቶችን ከወንዶች ጋር አንድ ላይ ቆጠራቸው። እንግሊዛውያኑን ሴቶች አልቆጠረም። ጥቁሯ ሴት ትምባሆ ልትኮተኩት የመጣች ጉልበት ናት፣ ነጯ ግን የቤት እመቤት ናት ማለት ነው። በ1656 ደግሞ ኤልሳቤጥ ኪ የምትባል፣ አባቷ እንግሊዛዊ እናቷ አፍሪካዊት የሆነች ሴት “ነጻ ነኝ” ብላ ፍርድ ቤት ቆመች። በእንግሊዝ ልማድ ልጅ የአባቱን ወገን ይከተላል። ክርስትና መነሳቷንም ቆጠረችላቸው። ረታችም። ቀዳዳው ግን ብዙ አልቆየም። በ1662 ጉባኤው አዲስ ሕግ አወጣ። እንግሊዛዊ ከጥቁር ሴት የወለደው ልጅ ነጻ ወይም ባሪያ የሚሆነው በእናቱ ሁኔታ ነው አለ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ባሪያውን የደፈረ ጌታ የሚወለደው ልጅ ንብረቱ ሆነለት። ቅጣቱ ቀርቶ ትርፍ ተጨመረለት። ቶማስ ጄፈርሰን በ1820 በጻፈው ደብዳቤ፣ በየሁለት ዓመቱ የምትወልድ ሴት ከእርሻው ምርጥ ወንድ ይልቅ ታተርፋለች ብሏል። የወንዱ ድካም ተበልቶ ያልቃል፤ እሷ የምትወልደው ግን ሀብት ላይ ሀብት ይጨምራል፣ ነው ነገሩ። ልጆቻችን ይህን ሰው የነጻነት መግለጫው ጸሐፊ ብለው ያጠኑታል። ያጥኑት። ግን በባርነት የያዛትን ሳሊ ሄሚንግስንም ይወቋት። በ1787 ወደ ፓሪስ ስትላክ ገና አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። የጄፈርሰንን መኖሪያ ሞንቲቸሎን ዛሬ የሚያስተዳድረው ተቋም የልጆቿ አባት ጄፈርሰን መሆኑን ተቀብሎ፣ እሷ ኖራበታለች ተብሎ የሚታመነውን ክፍል በ2018 ለጎብኚ ከፍቷል። ስለ ራሷ የጻፈችው አንዲት መስመር ግን ለእኛ አልደረሰችም።

ዱክ ስትሪት የሚባለውን መንገድ የማያውቅ የዚህችው የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ሀበሻ የለም። ቁጥር 1315 ላይ ያለውን ቤት ግን ስንቶቻችን ገብተን አይተነዋል? ከ1828 እስከ 1836 ፍራንክሊንና አርምፊልድ የሚባሉ ነጋዴዎች ሰው አጉረው የሚነግዱበት ግቢ ነበር። ከዚህ እየሰበሰቡ ከፊሉን በመርከብ ወደ ኒው ኦርሊንስ ይጭናሉ፤ ከፊሉን በሰንሰለት አያይዘው በእግር ሚሲሲፒ ውስጥ እስካለችው ናቼዝ ድረስ ይነዳሉ። ነጋዴዎቹ የተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች ተርፈዋል። መልከ መልካም የሚሏቸውን ወጣት ሴቶች ለብቻ ለይተው፣ ለብቻ ዋጋ አውጥተው ይሸጧቸው ነበር። በእነዚህ ሴቶች ላይ እነሱ ራሳቸው የሚያደርጉትን እየተቀላለዱ ይጻጻፋሉ። ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው። እንጀራ ለመግዛት ስንወጣ በመኪና የምናልፈው መንገድ ላይ ነው።

በቀደም ለልጄ የ1860ውን የባሪያዎች ቆጠራ ገጽ ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ አሳየኋት። በግራ በኩል የባለቤቱ ስም በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ተጽፏል። ከዚያ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የቆዳ ቀለም። ሠላሳ ዓመት፣ ሴት፣ ጥቁር። አሥራ አራት፣ ሴት፣ ክልስ። ሁለት ዓመት፣ ሴት፣ ጥቁር። እንዲህ እያለ ይወርዳል። የኮበለለ ካለ ዓምድ አለው። ነጻ የወጣ ካለ አለው። ዓይነ ስውሩም ዓምድ አለው። የባሪያ ቤቶቹ ብዛት እንኳ የሚሞላበት ቦታ አላጣም። ስም የሚጻፍበት ቦታ ግን የለም። ልጄ ሠላሳ የሚለውንና ሁለት የሚለውን በጣቷ እያሳየች “እነዚህ እናትና ልጅ ናቸው?” አለችኝ። ወረቀቱ አይመልስም። ያንን የሚጠይቅና መልሱን በሐቅ ለማሰብ የሚሞክር ጽሑፍ ልቦለድ ነው። ሰነዱ ሆን ተብሎ ባዶ ሲተው ሌላ መንገድ የለም።

ራሷ ልትናገር የሞከረች ሴት ደግሞ ምን እንደገጠማት ላውራችሁ። ሐሪየት ጄኮብስ በ1813 ሰሜን ካሮላይና፣ ኢደንተን ውስጥ ተወለደች። ገና በልጅነቷ ጌታዋ መቆሚያ መቀመጫ ሲያሳጣት፣ የኋላ ኋላ አምልጣ ሴት አያቷ ቤት ጣሪያ ሥር ተደበቀች። ቦታው ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ወርዱ 2 ሜትር ገደማ ነው። ከፍታው ግን ትልቁ ቦታ ላይ እንኳ 1 ሜትር አይሞላም። ቀጥ ብላ መቆም አትችልም። በክረምት ይበርዳታል፣ በበጋ ጣሪያው ይጠብሳታል፣ አይጥ በላይዋ ይሮጣል። በመሰርሰሪያ ትንንሽ ቀዳዳ በሳች። በዚያች ቀዳዳ ልጆቿን ታያለች፤ ድምጿን ግን ማሰማት አትችልም። እንዲህ ሆና ወደ ሰባት ዓመት ኖረች። በኋላ ወደ ሰሜን አምልጣ ታሪኳን በ1861 በብዕር ስም አሳተመች። ከዚያስ? መቶ ዓመት አልፎ እንኳ ብዙ ምሁራን “ይሄ የፈጠራ ድርሰት ነው” እያሉ ወደ ጎን ሲያደርጉት ኖሩ። የእሷው መሆኑ በማስረጃ የተረጋገጠው በ1980ዎቹ ነው። እውነቱን ስትናገር ልቦለድ ነው አሏት። ዛሬ ስለ እነሱ ልቦለድ ሲጻፍ ደግሞ ለልጆች አይሆንም ይባላል።

እኔ አገር ቤት ነርስ ነበርኩ። ፊስቱላ ምን እንደሆነ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ብቻ አልተማርኩትም። ቀናት በምጥ ቆይታ ልጇ የሞተባት፣ ሽንቷ አልቆም ያላት ልጅ እግር ሴት ወደ ክፍሉ ስትገባ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ነው የምትሄደው። ሰው እንዳይሸታት። ወንበር ብትሰጧት አትቀመጥም። አዲስ አበባ ላይ በ1974 የተከፈተው የፊስቱላ ሆስፒታል እነዚህን ሴቶች እንዴት ወደ ሰው እንደሚመልስ የእኛ ሰው ያውቃል። እዚህ መጥቼ ያወቅኩት ሌላው ነገር የቀዶ ሕክምናው ታሪክ ነው። ከ1845 እስከ 1849 ሞንትጎመሪ፣ አላባማ ውስጥ ጄምስ ማሪዮን ሲምስ የሚባል ሐኪም በባርነት በተያዙ ሴቶች ላይ ያለማደንዘዣ እየደጋገመ ተለማመደ። የሦስቱን ስም ራሱ ጽፎታል፤ አናርካ፣ ሉሲ፣ ቤትሲ። አናርካን 30 ጊዜ ያህል ቀዷታል። ኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ዳር ቆሞ የነበረው ሐውልቱ በ2018 ተነሳ። ሴቶቹ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ምን እንዳሰቡ ግን በራሳቸው አንደበት የተጻፈ ነገር አልቀረልንም። እኔ ያስታመምኳቸው ልጆች የዳኑበት ሙያ በማን ገላ ላይ እንደተለመደ ልጄ ትወቅ። ይህንንም የሚናገር መጽሐፍ ቢመጣ ቅጹ ምን ሊለው ነው?

ልቦለድ ሁሉ ይነበብ አላልኩም። ጌታና ባሪያ በፍቅር ወደቁ የሚሉ፣ የሐር ቀሚስና የሻማ መብራት የሞላባቸው መጻሕፍት አሉ። እነሱን ብትተዉ ቅር አይለኝም። እምቢ ማለት ለማትችል ሴት የፍቅር ታሪክ መጻፍ ለእኔ ሐሰት ነው። የሚያናድደኝ ግን፣ እነዚህኞቹ “ግልጽ” ነገር ስለሌላቸው ቅጽ አይላክባቸውም። የሚዋሸው መጽሐፍ በሰላም ያልፋል፤ እውነቱን የሚያሳየው ማስጠንቀቂያ ይለጠፍበታል።

ጥሩው ልቦለድ ሴቶቹን ተደፋሪ ብቻ አያደርጋቸውም። ቀኑን ሙሉ ጥጥ ለቅመው ማታ ለራሳቸው ቤተሰብ የሚያበስሉ፣ ከቁራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ የሚሰፉ፣ ነጩንም ጥቁሩንም የሚያዋልዱ ሴቶች አሉበት። ለጌታ ንብረት አንወልድም ብለው የጥጥ ሥር የሚያኝኩም ነበሩ፤ ከባርነት የወጡ አዛውንቶች በ1930ዎቹ ሲጠየቁ ይህን ተናግረዋል። ሸሽተው ካመለጡት አብዛኞቹ ለምን ወንዶች እንደሆኑም ልቦለዱ ያስረዳል። ጡት የሚጠባ ልጅ ታቅፎ ጫካ ለጫካ መሮጥ አይቻልማ።

ለሀበሻ ወላጆችም አንድ ነገር ልበል። “ይሄ የእነሱ ታሪክ ነው፣ እኛ ምን አገባን?” የሚል ነገር እሰማለሁ። በመጀመሪያ ነገር፣ በእኛም አገር ባርነት በአዋጅ የተከለከለው በ1942፣ ማለትም በ1934 ዓ.ም. ነው። የቅድመ አያቶቻችንን እህል የፈጩ፣ ውሃ የቀዱ ሴቶች ስማቸው ማን እንደነበር የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። የፕላንቴሽኑ ሥርዓት ሌላ ነበር፣ አላምታታውም። ሁለተኛ ነገር፣ ልጆቻችን እዚህ አገር ጥቁር ሆነው ነው የሚያድጉት። የክፍል ጓደኞቻቸው የሚያውቁትን እነሱ ሳያውቁ እንዲቀሩ አታድርጉ። ቅጹን ከመፈረማችሁ በፊት እባካችሁ መጽሐፉን ከቤተ መጻሕፍት አውጡና አንብቡት። ልጃችሁ ገና ናት፣ አትችለውም ካላችሁም ያኔ ወስኑ። ያ የእናት የአባት ሥራ ነው፤ ማንም አይገባበትም።

ወደ እናንተ ልመለስ። የ2022ቱ የቨርጂኒያ ሕግ ወላጅ አስቀድሞ እንዲያውቅና ካልፈለገ ልጁ ሌላ ንባብ እንዲሰጠው ያዛል። ከዚህ ጋር ጠብ የለኝም፤ ማወቅ መብቴ ነው። ያው ሕግ ግን መጻሕፍትን ማገጃ ተደርጎ እንዳይተረጎም ራሱ ተናግሯል። አስተማሪዎች ከቅጹ ጣጣ ለመዳን መጽሐፉን ራሳቸው ከዝርዝር ማውጣት ከጀመሩ ግን፣ ሳይታገድ ታገደ ማለት ነው።

ስለዚህ ያቺ አንድ መስመር ትቀየር። “በባርነት የተያዘች ሴት ላይ የተፈጸመ መደፈርን የሚያሳዩ ክፍሎች አሉት” ይባል፤ አስተማሪዋ ክፍሉን እንዴት እንደምታስተምረው ሁለት ሦስት መስመር ይጨመርበት። ሌላ መጽሐፍ የሚሰጣት ተማሪም ከሴቶቹ ታሪክ አትውጣ። የሐሪየት ጄኮብስ መጽሐፍ ግልጽ ትዕይንት የለውም፣ የቅጂ መብቱም ካለቀ ቆይቷል። ካውንቲውን ሳንቲም አያስወጣውም። ከልቦለዱ ጎን የ1662ቱ ሕግና የ1860ው ቆጠራ አንድ ገጽ አብረው ይነበቡ፤ የታሪክና የእንግሊዝኛ አስተማሪዎቹ ተነጋግረው አንድ ሳምንት ላይ ቢያደርጉት በቂ ነው። ዱክ ስትሪት ድረስ የሚወስድ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ካገኛችሁም ልጆቹን ለመጠበቅ አብሬ እሄዳለሁ፤ ከሥራ ፈቃድ እወስዳለሁ።

የሚቀጥለው ዓመት የንባብ ዝርዝር ከመጽደቁ በፊት በጽሑፍ ብትመልሱልኝ አመሰግናለሁ። በእንግሊዝኛ ብትጽፉትም ይገባኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ እናት
ሰሜን ቨርጂኒያ